«ምን» ማለት «እኔ» ነው

እስቲ ቀረብ በሉና እንጫወት። ያለነው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። ፀሐይዋ ወጥታለች፤ ብርዱ ግን ገና ከቤት አልወጣም። ጋቢያችንን ደርበን፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን አቦሉን እንጠብቃለን። ቡናውን የምታፈላልን የጎረቤታችን ልጅ ናት። ኢራቅ ውስጥ፣ በኩርዶች አገር፣ ሱለይማኒያ በምትባል ከተማ ጥቂት ዓመታት በሰው ቤት ሠርታ ተመልሳለች። ቡና ማፍላትም ጨዋታም ታውቃለች።

ባለፈው እንዲህ አለችን፦ «የገባሁ ሰሞን የቤቱ እናት እጃቸውን ደረታቸው ላይ እያደረጉ ‹ምን፣ ምን› ይሉኛል። እኔ ደግሞ ምን ፈልገው ይሆን ብዬ ዙሪያዬን አያለሁ። ውሃ አቀብላቸዋለሁ፤ አይ ይሉኛል። ጫማቸውን አመጣለሁ፤ አይ ይሉኛል። ለካስ ‹ምን› ማለት በእነሱ ቋንቋ ‹እኔ› ማለት ኖሯል! ‹እኔ› እያሉ ራሳቸውን ሊያስተዋውቁኝ ነበር።»

ሳቅን። ነገሩ ግን ከሳቁ በኋላም አልለቀቀኝም። ሰው ባዕድ አገር ሲገባ የሚቸግረው «ዳቦ»ና «ውሃ» የሚለውን መልመድ ይመስለን ነበር። እሷ ግን «ዳቦ ቀላል ነው፤ ጣት ቀስረው ያሳዩሻል። ያስቸገረኝ እኔና አንተ ማለት ነው» አለችን። እውነቷን ነው። ዳቦ ማንም ቢጠራው ያው ዳቦ ነው። «እኔ» ግን እመቤቲቱ ሲሉት እመቤቲቱ፣ እሷ ስትለው እሷ ናት። እንደ ኳስ ከአፍ ወደ አፍ ሲዘዋወር የሚውል ቃል ነው። ሕፃናትም አፍ ሲፈቱ ብዙዎቹ ራሳቸውን በስማቸው እየጠሩ ቆይተው ነው «እኔ» የሚሉት።

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለነዚህ ትንንሽ ቃላት ነው። ትምህርት ቤት «ተውላጠ ስም» ተብለው ስለተማርናቸውና ፈተና ካለፍን በኋላ ስለረሳናቸው።

መጀመሪያ የእሷን አገር ቃላት እንይ። በሱለይማኒያ የሚነገረው ኩርድኛ ማዕከላዊ ኩርድኛ ወይም ሶራኒ ይባላል። ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1784 የቆረቆሯት የባባን መሳፍንት ናቸው። በ2005 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የኢራቅ ሕገ መንግሥትም ኩርድኛን ከዐረብኛ ጎን የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ አድርጎታል። ኩርድኛ የሚዛመደው ከፋርስኛ ጋር ነው። የእኛ አማርኛ ደግሞ ከግእዝ፣ ከዐረብኛና ከዕብራይስጥ ጋር። ሁለቱ ቋንቋዎች በዘር አይገናኙም።

ስድስቱ ቃላት እነዚህ ናቸው። «ምን» እኔ፤ «ቶ» አንተም አንቺም፤ «ኧው» እሱም እሷም፤ «ኤመ» እኛ፤ «ኤወ» እናንተ፤ «ኧዋን» እነሱ። አለቀ። ወንድና ሴት ብሎ መለየት የለም። በሰሜን የሚነገረው ኩርድኛ ኩርማንጂ ጾታ ይለያል፤ ሶራኒ ግን ትቶታል።

ልጅቷ አገሯ ከገባች በኋላ ታሪክ ስታወራን «እሱ»ና «እሷ» ይደባለቁባት ነበር። «መጣና እንዲህ አለኝ» ትላለች፤ ቆየት ብላ ስለዚያው ሰው «አለቀሰች» ትላለች። የልጅቷ እናት ከጓዳ ሆነው «ቆይ፣ ወንድ ነው ሴት?» ብለው ያቋርጧታል። በ«ኧው» ኖራ መጥታ ነው እንጂ አማርኛዋ ጠፍቷት አይደለም።

አሁን ደግሞ ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። አንድ ቀን የቤቱ እናት «በእናንተ ቋንቋ ‹ቶ› ምን ይባላል?» ብለው ጠየቋት። መልስ አጣች። «ለማን?» አለቻቸው። «ለወንድ ነው ለሴት? ለልጅ ነው ለትልቅ ሰው?» ሴትዮዋ ገረማቸው። እኔን የገረመኝ ደግሞ የእሷ ጥያቄ ነው። በኩርድኛ ወንድ ይሁን ሴት ሳያዩም «ቶ» ማለት ይቻላል። በአማርኛ ግን አፍ ከመክፈት በፊት ሰውየውን ማየት ያስፈልጋል፤ ወንድ ይሁን ሴት፣ ታናሽ ይሁን ታላቅ፣ የቅርብ ይሁን የሩቅ። በጨለማ በር ሲንኳኳ «ማን ነው?» ብለን መልሱ እስኪመጣ «ግባ» ለማለትም «ይግቡ» ለማለትም የምንቸገረው ለዚህ ነው።

ቆሎ ዘገን በሉ፤ አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልግባ።

የቅኔ ተማሪ የነበራችሁ «ዐሥሩ መራሕያን» ሲባል ታስታውሳላችሁ። ውእቱ፣ ውእቶሙ፣ ይእቲ፣ ውእቶን፣ አንተ፣ አንትሙ፣ አንቲ፣ አንትን፣ አነ፣ ንሕነ። የግእዝ ግስ ሁሉ በእነዚህ ዐሥር ይረባል። ስማቸውን ልብ በሉት። ዘመናዊው ሰዋስው «ተውላጠ ስም» ይላቸዋል፤ የስም ምትክ መሆኑ ነው። የጥንቱ ትምህርት ግን «መራሕያን» አላቸው፤ መሪዎች። ግሡን ከፊት ሆነው ይመሩታልና። ከሸዋ የተነሡት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን የሰጡለት መጽሐፍ፣ በኋላ ደስታ ተክለ ወልድ ፈጽመው በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት፣ ስሙ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ነው። ከርእሱ ጀምሮ ሰዋስውና ግስ ከመዝገበ ቃላት ይቀድማሉ። ቃል ከመቁጠር በፊት ቃል የሚመራውን ማወቅ ይገባል የሚሉ ይመስለኛል።

እስቲ አሁን የአማርኛውን ቁጠሩ። እኔ፣ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እሱ፣ እሷ፣ እሳቸው፣ እኛ፣ እናንተ፣ እነሱ። ስንት ሆኑ? ዐሥር! ግእዝም ዐሥር፣ አማርኛም ዐሥር። ነገር ግን ዐሥሩ ያው ዐሥሩ አይደሉም። ግእዝ ለብዙ ሴቶች የለያቸውን «አንትን»ንና «ውእቶን»ን አማርኛ ጥሏቸዋል፤ እናቶችም አባቶችም ሲሰበሰቡ «እናንተ» ናቸው። በሁለቱ ቦታ ደግሞ ሌሎች ሁለት ተቀምጠዋል፤ «እርስዎ»ና «እሳቸው»። ሴቶችን በብዛታቸው መለየት ቀርቶ ታላቅን በክብሩ መለየት መጣ። ሕዝብ በዘመናት ውስጥ ምን እንደጣለና ምን እንዳነሣ የሚያሳይ እንዲህ ያለ ግልጽ ምስክር እኔ አላየሁም።

የአዲሶቹ ቃላት አመጣጥም የሚገርም ነው። «እሱ» የድሮው «እርሱ» ነው፤ «እርሱ» ደግሞ «ርእሱ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ራሱ። «እርስዎ»ም «እሳቸው»ም ከዚያው ከራስ የወጡ ናቸው። አንድን ሰው «እሱ» ስንል «የእሱ ራስ» እያልን ነው ማለት ነው። «እናንተ» «እነ» እና «አንተ» ተጋብተው የወለዱት ነው፤ አንተና ከአንተ ጋር ያሉት። «እነሱ»ም እንደዚያው።

ስለ ሴት አነጋገራችንም ልጨምር። አማርኛ ሴትን ለመለየት ቃል ብቻ አይጨምርም፤ ፊደሉን ራሱን ይለውጠዋል። ሂድ፣ ሂጂ። ቁረጥ፣ ቁረጪ። ክፈል፣ ክፈይ። ተነስ፣ ተነሺ። ዝፈን፣ ዝፈኚ። ያዝ፣ ያዢ። «ድ» «ጅ» ይሆናል፣ «ጥ» «ጭ» ይሆናል፣ «ል» «ይ» ይሆናል። ባዕድ ተማሪ ቃሉን ለምጄዋለሁ ሲል ጫፉ ይቀየርበታል።

ይህን የባዕድ ተማሪ መንገድ ከእኛዋ ልጅ በፊት የሄዱበት እንግዶች ነበሩ፤ ያውም እዚሁ አጠገባችን። ከደብረ ብርሃን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትጓዙ አንኮበር ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ1839 ሁለት ጀርመናውያን ሚሲዮናውያን፣ ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግና ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ፣ ከታጁራ ተነሥተው የአፋርን በረሃ አቋርጠው ሸዋ ገቡ። ያን ጊዜ ሸዋን የሚገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። ኢዘንበርግ ብዙም ሳይቆይ ወደ አውሮፓ ተመለሰና በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ በ1842 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስው ለንደን ላይ አሳተመ። ክራፕፍ በሸዋ ቀርቶ ኦሮምኛ ያጠና ነበር፤ የጻፈው የኦሮምኛ ሰዋስው ንድፍ በ1840 ታትሟል። ኋላም ወደ ሞምባሳ ወርዶ በ1850 የስዋሂሊን ሰዋስው አሳትሟል። ከእነሱ በፊት ደግሞ የአምሐራው አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን አገር ድረስ ሄደው ሂዮብ ሉዶልፍን አስተምረው ነበር፤ የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው የታተመው በ1698 ነው።

እኔ ስለ እነዚህ ሰዎች ሳስብ ትዝ የሚለኝ መጽሐፋቸው ሳይሆን የመጀመሪያ ወራቸው ነው። ቋንቋውን ገና ሳያውቁ «እኔ»ን እንዴት ጠየቁ? ጠያቂው ደረቱን እየነካ «ይህ ምን ይባላል?» ሲል የአገሩ ሰው የሚመልስለት «አንተ» ብሎ ነው፤ ወይም «ደረት»። የሱለይማኒያዋ እመቤትና የእኛዋ ልጅ የገቡበት ግራ መጋባት ያው ነው፤ የሚለየው ዘመኑ ብቻ ነው።

ከአንኮበር ቁልቁል ደግሞ አልዩ አምባ አለ። በዚያ ዘመን ትልቅ የሲራራ ገበያ ነበር፤ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪው፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት። አሞሌ ጨው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቋንቋም አብሮ ይተላለፋል። ኦሮምኛ «አቲ» ሲል እንደ ኩርድኛው ወንድም ሴትም አንድ ላይ ናቸው፤ «ኢኒ» እና «ኢሼን» ሲል ግን እሱንና እሷን ይለያል። ለትልቅ ሰው «ኢሲን» ይላል፤ «እናንተ» እንደ ማለት። ስለዚህ ኦሮምኛ አፉን የፈታ ሰው በአማርኛ ሴትን «አንተ» ቢላት የሚታረም እንጂ የሚሳቅበት አይደለም። የእናቱ ቋንቋ አንድ ቃል የሰጠውን የእኛ ቋንቋ ሁለት አድርጎ ስለሚጠይቀው ነው። በሰሜን ሸዋ ገበያዎች ይህን ተረድተው የሚግባቡ ሰዎች ከድሮም ነበሩ፤ ዛሬም አሉ።

ቶናው ደረሰ። የጨዋታው ጣዕምም እዚህ ላይ ነው።

ልጅቷን ቀጥላ ያስቸገረቻት «ም» ናት። በኩርድኛ «ማል» ቤት ነው። ማልም፣ ማልት፣ ማሊ፤ ቤቴ፣ ቤትህ፣ ቤቱ። ማልማን፣ ማልታን፣ ማልያን፤ ቤታችን፣ ቤታችሁ፣ ቤታቸው። እስከዚህ እንደ እኛው ጭራ ላይ መለጠፍ ስለሆነ አልከበዳትም። ግን «ናን» ዳቦ ነው፣ «ኽዋርድ» በላ ነው፤ «ዳቦ በላሁ» ለማለት «ናንም ኽዋርድ» ይባላል። «እኔ» የምትለዋ «ም» ከግሡ ላይ ሳይሆን ከዳቦው ላይ ተለጠፈች! ዳቦው ካልተጠራ ደግሞ ዘልላ ወደ ግሡ ትመጣለች፤ «ኽዋርድም»። አልበላሁም ሲባል ከአፍራሹ «ነ» ኋላ ትሸጎጣለች፤ «ነምኽዋርድ»። ሻይ ሲጠጣም «ቻይም ኽዋርደወ» ነው፤ «ም» ሻዩ ላይ ናት። «እኔን ስፈልጋት አንዴ ዳቦው ላይ፣ አንዴ ሻዩ ላይ አገኛታለሁ» አለችን። አላፊ ጊዜ ሲሆንና ተደራጊ ያለው ግስ ሲሆን ነው እንዲህ የምትዘዋወረው።

«ጉድ ነው» አልን። ቆይ ግን፤ እኛስ? «በልቼ መጣሁ» እንላለን። «በልቼ» ላይ ያለችው «ኤ» እና «ቤቴ» ላይ ያለችው «ኤ» አንድ ናት። በልተህ፣ ቤትህ። በልተሽ፣ ቤትሽ። በልታችሁ፣ ቤታችሁ። ግእዙ «በሊዕየ» ይላል፤ «መብላቴ» እንደ ማለት። እኛም ሳናውቀው ድርጊታችንን እንደ ቤታችን፣ እንደ ንብረታችን እየጠራነው ኖረናል። ኩርዱ «ዳቦዬ በላ» የሚል የሚመስለውን ሲናገር ሰምተን የገረመን ነገር ከጓዳችን አለ።

ሁለተኛው መመሳሰላችን ደግሞ የበለጠ ልብ ይነካል። ደብረ ብርሃን የመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚለምዳት ቃል «በረደኝ» ናት። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጠን ሌላ ምን እንላለን? «በረደኝ» ስንል በራጁ እኔ አይደለሁም። ብርዱ አድራጊ ነው፤ እኔ የተደረገብኝ ነኝ። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ፣ አመመኝ፣ ከፋኝ፣ ናፈቀኝ። ብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች እዚህ ላይ «እኔ»ን አድራጊ አድርገው ያስቀድማሉ፤ አማርኛ ግን ረሃብና ናፍቆት ከውጭ መጥተው የሚይዙን ነገሮች መሆናቸውን ያውቃል። ሶራኒም እንደዚሁ ነው! «ብርሲመ» ሲሉ ራበኝ ነው፤ «ቲኑመ» ጠማኝ፤ «ሰርማመ» በረደኝ። ያቺ «ም» እዚህም አለች፤ «ረሃቤ ነው»፣ «ብርዴ ነው» ለማለት የቀረበ አነጋገር ነው። «ወንድም አለኝ»ም «ብራየክም ሀየ» ነው፤ ወንድም ለእኔ አለ። ልጅቷ «ክረምት ላይ ‹ሰርማመ› ስል ‹በረደኝ› ያልኩ ይመስለኝ ነበር፤ ሌላው ቃል ባዕድ ሲሆንብኝ እሱ ግን የአገሬ ነበር» አለች። ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ቋንቋዎች ብርድን በአንድ ዓይነት መንገድ ሲቀበሉት ማየት ያጽናናል።

አማርኛ ግን ከዚህም አልፎ ይሄዳል። «ለእኔ» ለማለት ኩርዱ «ቦም» ይላል፤ ለብቻው የቆመች ቃል ናት። አማርኛ ከግሡ ሆድ ውስጥ ይከታታል። «ል» እና «ብ»! እነዚህ ሁለት ፊደላት የሚሠሩትን ሥራ ቆም ብላችሁ አይታችሁታል? ፈረደልኝ፣ ፈረደብኝ። ዳኛው ያው፣ ፍርዱ ያው፤ አንዷ ፊደል ግን አንዱን ሰው ደስ አሰኝታ ወደ ቤቱ፣ ሌላውን አሳዝና ወደ ይግባኝ ትሰዳለች። የተጉለት ገበሬ ዘር ዘርቶ ሰማይ ሲያይ ከቆየ በኋላ «ዘነበልን» ይላል። ነዶው ከአውድማ ላይ እያለ ከመጣ «ዘነበብን» ይላል። ሌሊቱን ውርጭ ባቄላውን ካቃጠለው «መታብን» ይላል። ታሞ የከረመ ልጅ አንድ ጉርሻ ሲውጥ እናት «በላልኝ!» ትላለች። ልጁ የበላው ለራሱ ነው፤ እሷ ግን ለእኔ ነው የበላው አለች። ሰዋስው ይህን «ቅጥያ» ይለዋል። እኔ የእናትነት ማኅተም እለዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የአማርኛ ግስ እንዲህ ያለውን ቅጥያ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው የሚሸከመው። ስለዚህ ከሁለት ሰዎች ማንን ከግሡ ጋር እንደምናስር መምረጥ አለብን። «እግዜር ይስጥልኝ» የምንለውን አስቡት። የሚሰጠው ለአንተ ነው፤ አንተ ግን በግሡ ላይ አልተጻፍክም። የተጻፍኩት እኔ ነኝ። «ያደረግህልኝን እኔ መመለስ አልችልም፤ ስለ እኔ ሆኖ እግዜር ይስጥ» ማለት ነው። ምስጋናችን ውስጥ ውለታ እንዳለብን የምትመሰክረው ያቺ «ልኝ» ናት። ልጆቻችን «አመሰግናለሁ» ብቻ ብለው እንዳይቀሩ የምመኘው ለዚህ ነው።

ስለ አክብሮትም እንነጋገር። ብዙ ቋንቋ ትልቅ ሰውን ለማክበር «እናንተ» ይላል፤ ሶራኒም «ኤወ» ይላል፤ ወይም «ጀናብት» ብሎ ከፍ ያደርገዋል። አማርኛ ግን «እናንተ» አይልም። «ይቀመጡ»፣ «ይግቡ»፣ «ይጠጡ» ይላል። ሩቅ ስላሉ ብዙ ሰዎች የምንናገርበት አነጋገር ነው፤ «እነሱ ይቀመጡ» ስንልም ያው ነው። ትልቁን ሰው ከፊታችን አስቀምጠን እንደ ሩቅ፣ እንደ ብዙ አድርገን እንናገረዋለን፤ ዓይንን ዝቅ አድርጎ መናገር በሰዋስው ሲገለጽ ይህን ይመስላል። «አንቱታ» ከቃልም አልፎ ማዕረግ ሆኗል፤ በሙያው የከበረውን «አንቱ የተባለ ሐኪም»፣ «አንቱ የተባለ ገበሬ» እንላለን።

ግን ደግሞ ልብ በሉ፤ እግዚአብሔርን «አንተ» እንለዋለን። እመቤታችንን «አንቺ» እንላታለን። በብዙ ቤት እናትም «አንቺ» ናት። ከሁሉ የበለጠ የከበሩት ከሁሉ የበለጠ የቀረቡ ናቸውና። አያት ወንድ ልጅን አቅፈው «ነይ የኔ እናት» ሲሉት፣ አባት ሴት ልጁን «አንተ» ሲላት የሰማ ባዕድ ተሳሳቱ ይላል። አልተሳሳቱም። ሕጉን የጣሱት ፍቅር ቢበዛባቸው ነው። ትንሿንና የምንወዳትን ነገር ሁሉ እንስት የምናደርገውም ለዚህ ነው፤ ጎጇ፣ ጀበናዋ፣ ፀሐይዋም ሳትቀር።

መጠሪያዎቻችንን ደግሞ ፈልቅቋቸው። «ጋሼ» ውስጥ «ጋሻዬ» አለ። «የኔታ» ውስጥ «የኔ ጌታ» አለ። «እሜቴ» ውስጥ «እመቤቴ» አለች። ታላቅን ስንጠራ ብዙ ጊዜ «የእኔ» እያልን ነው። ኩርዶችም «ዳየ ግያን» ይላሉ፤ እናቴ ነፍሴ እንደ ማለት። የእኛዋ ልጅ የቤቱን እናት እንዲህ ብላ መጥራት የጀመረች ቀን ሴትዮዋ አቅፈው እንደሳሟት ስትነግረን ዓይኗ እንባ ሞላ።

አሁን በረካው ነው፤ ልቤ ላይ ያለውን ልናገር።

መንገድ ላይ ሰው ሲደናቀፍ ምን እንላለን? «እኔን!» የማናውቀው ሰው ቢሆንም «እኔን!» እንላለን። ግስ የለውም፤ ተጨማሪ ቃል የለውም። «የወደቀው ድንጋይ እኔን ይምታኝ፤ የተሰበረው እግር የእኔ ይሁን» የሚለው ሁሉ ከአንዲት ተውላጠ ስምና ከአንዲት «ን» ውስጥ ገብቷል። ደጃችን ላይ ቆሞ ለሚለምን ሰው ደግሞ ስሙን «የኔ ቢጤ» አልነው። እኔን የሚመስል፣ የእኔ እኩያ። ዛሬ ቃሉን ሳናስበው እንናገረዋለን፤ አንዳንዴም ፊት እያዞርን። ቃሉን ያወጣው ሰው ግን ፊቱን አላዞረም። የለማኙን ፊት አይቶ የራሱን ፊት አገኘበት። ባልና ሚስትም ተከባብረው ሲኖሩ «አንተ ትብስ፣ አንቺ ትብሽ ተባብለው ይኖራሉ» እንላለን። ሙሉ ትዳር በሁለት ተውላጠ ስሞች!

ስለዚህ እኔ «ተውላጠ ስም» የሚለው መጠሪያ አይበቃቸውም እላለሁ። ስም ተክተው ብቻ የሚቆሙ አይደሉም፤ የጥንቱ መምህራን እንዳሉት መሪዎች ናቸው። ሰው ከሰው ፊት ሲቆም የት መቆም እንዳለበት፣ ምን ያህል መቅረብ እንዳለበት፣ የማን ሕመም የማን እንደሆነ ይመሩታል። የአንድን ሕዝብ ቋንቋ ለመድኩ የሚል ሰው ሺህ ስም ቢያጠና ገና ገበያተኛ ነው። «እኔ» እና «አንተ»ን በቦታቸው ሲያስቀምጥ ጎረቤት ይሆናል።

በቀደም ወደ ሱለይማኒያ ለመሄድ የተነሣች አንዲት ልጅ ቡና ላይ መጥታ ነበር። የእኛዋ ልጅ ሲኒውን አስቀመጠችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ምን» አለች። ቀጥላ ወደ ልጅቷ አመለከተችና «ቶ» አለች። ስድስቱን ቃላት እስክትወጣቸው ድረስ አስጠናቻት፤ «ሰርማመ»ንም ጨመረችላት።

እናንተም፣ ልጅ በውጭ አገር የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ አማርኛ ስታስተምሩ ከቀለምና ከእንስሳት ስም አትጀምሩ። ከዐሥሩ ጀምሩ። ልጁ ጋሼን «ይቀመጡ»፣ እህቱን «ተቀመጪ» ማለት ይልመድ። ያበሉትን «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ይልመድ። ሰው ሲወድቅ ካየ ደግሞ ሌላው ሁሉ ቢጠፋበት እንኳ «እኔን!» ማለት አይጥፋበት።